ሀቢሶና የኪስ መሳያው

ባሌ ሀቢሶ ሲናገር ቀስ፣ ሲራመድ ቀስ፣ ሲቆጣም ቀስ ነው። እኔ ስንዱ ግን እንደሱ አይደለሁም፤ ያናደደኝን ሰው ፊት ለፊት ነው የምናገረው። ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር የቤታችንን ንዴት የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ሥራው ስለት መሳል ነው። በሰው አገር፣ ሜይፌር በሚባል ሰፈር ውስጥ በየሱቁ ይዞርና ጆንያ የሚቀድዱበትን፣ ሽንኩርት የሚልጡበትን ሰንጢ ተቀብሎ እዚያው ቆሞ ይስልላቸዋል። ማሽን የለው፣ ድንጋይ የለው፤ ያለው ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ የኪስ መሳያ ነው። ሁለት ስንጥቅ አለው፤ አንዱ ሸካራ፣ አንዱ ለስላሳ። ደንበኞቹ ተመሳሳዩን ገዝተው በራሳቸው ሲሞክሩ ስለቱን ሸራርፈው ይመጣሉ። «አትጫኑት አላልኩም?» ይላቸዋል። በቃ፣ የሱ ቁጣ ይቺው ናት።

ኮሮና የገባ ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ከሜይፌር ወደምንኖርበት ሰፈር ወደ ቤሪያ በእግራችን ስንመለስ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች አስቆሙን። ወታደር ይሁኑ ዘበኛ ዛሬም አላውቅም፤ ፊታቸው በማስክ ተሸፍኗል። ረጅሙ የሀቢሶን ኪስ በረበረና ከኪሱ የማይለየውን ሰንጢ አወጣ።

«ሰው ልትወጋበት ነው?»

«ሥራዬ መሳል ነው፣ ባባ» አለ ሀቢሶ፤ መሳያውንም አሳየው።

«ወረቀት!»

የአሳይለም ወረቀቱን፣ የጥገኝነት ፈቃዱን፣ ሰጠው። ቀኑ አልፎበታል። ማደሻው ቢሮ በኮሮና ከተዘጋ ወራት ሆኖታል። ጊዜው ለሁሉም እንደተራዘመ በሬዲዮ ሰምተናል፤ ግን ይሄን መንገድ ላይ ለማን ታስረዳለህ? ያቺ ወረቀት ከሄደች ምትክ የላትም። ሰንጢና ጊዜው ያለፈ ወረቀት የተያዘበት ሰው ደግሞ ታስሮ ወደመጣበት እንደሚባረር አውቃለሁ።

ረጅሙ ከወገቡ የራሱን ሰንጢ አወጣ። «እስቲ ሳለው፤ እናያለን።»

ሰንጢው ዱልዱም ነው፣ ቅቤም አይቆርጥ። ሀቢሶ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መሳያውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ስለቱን ከእጀታው ጀምሮ እስከ ጫፉ ሳበው። ሸካራው ላይ ጥቂት ጊዜ፣ ከዚያ ለስላሳው ላይ ደጋግሞ። ሰውየው «ፍጠን!» እያለ ይጮኻል። ሀቢሶ አልተጫነውም። እኔም «ኧረ በናትህ ፈጠን በል!» ልለው ምንም አልቀረኝ።

ጨርሶ በሸሚዙ ጠረገው።

«መቁረጡን በምን አውቃለሁ?» አለ ረጅሙ፤ የአሳይለሙን ወረቀት ዘረጋለት። «ይሄን ቁረጥ።»

ጓደኛው ሳቀ።

«አንተ፣ እግዜርን አትፈራም?» አልኩት ረጅሙን በአማርኛ፤ የማውቃት ዙሉ ሁሉ ጠፋችብኝ። «ሀቢሶ፣ እንዳትነካት! ትሰማኛለህ?»

እንቢ ቢል ሰው ሊወጋ ነበር ብለው ሊወስዱት ነው። ቢቆርጥ ወረቀት የለውም። ሀቢሶ ጫፏን በግራ እጁ ይዞ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጋት። ከማኅተሙ በታች የጣት ስፋት የማይሞላ ባዶ ጠርዝ አለ። ስለቱን እዚያ አሳረፈና ሳበ። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ወረቀት መሬት ላይ ወደቀ። ማኅተሙ አልተነካም፤ አንዲት ፊደል አልተነካችም።

ሳቁ ቆመ። ረጅሙ ወረቀቷን አገላብጦ አየና መለሰለት። የራሱን ሰንጢ ተቀበለ፤ የሀቢሶንም ሰጠው። «ሂዱ» አለ።

ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ ቤሪያ አደረስኩት። የፎቃችንን ደረጃ ስንወጣ ግን አላስቻለኝም። «ብትስት ኖሮስ? እጅህ ትንሽ ሸርተት ቢል ኖሮስ? እንዴት እንደዚያ ትረጋጋለህ? ሰው አይደለህም እንዴ?» እያልኩ ጀርባውን በቡጢ ደበደብኩት። እሱ ደረጃውን መውጣቱን ቀጠለ።

በራችን ጋ ደርሶ ቁልፉን አወጣ። ቁልፉ ቀዳዳውን ስቶ ብረቱን ጫረው። ደገመ፤ ሳተ። አሁንም ሳተ። ያኔ እጁን አየሁት፤ ወረቀቷን በክር ስፋት የቆረጠው እጅ የገዛ በሩን ቀዳዳ አጣ። በመደብደቤ አፈርኩ።

«ስንዱዬ» አለኝ ዞር ሳይል፣ «አንቺ ክፈቺው።»