ሳጥን የሆኑት ፊደላት

ስልኬ ላይ አንዳንዴ ፊደል ተበላሽቶ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሲመጣ እስከ ዛሬ የደም ሽታ ይሸተኛል።

ያን ጊዜ የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ጋሉስ የሚባል ሰፈር፣ ትራም ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ ቤት ውስጥ ነበር። አባዬና ጋሽ ብርሃኑ አብረው በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ አንድ ሲጋራ ለሁለት ያጨሱ ጓደኛሞች ነበሩ። በሳሎናችን ኮምፒውተር የማኅበራቸውን የአማርኛ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ጋሽ ብርሃኑ በጻፉት አንድ ጽሑፍ ተኳርፈዋል፤ አባዬ «ይሄ ስድብ ነው፣ አይወጣም» ብሎ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በሲዲ መጣ። መመሪያው ጀርመንኛ ስለሆነ እንደ ወትሮው አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። «ቫይተር ይላል» ስል አባዬ «ተጫኚው፣ ቀጥይ ማለቱ ነው» ይለኛል። ኮምፒውተሩ ግሎ የአቧራና የፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ጭነን ስንጨርስ፣ እንደተኳረፉም ቢሆን መጥተው ከኋላችን የቆሙት ጋሽ ብርሃኑ ጽሑፋቸውን ከፈቱት። ገጹ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኗል።

«አጠፋኸው!» አሉ።

«ኧረ እኔ ምን አደረግሁ? ፕሮግራሙ ነው።»

«ሆን ብለህ ነው! አፌን ልትዘጋ!»

ኪቦርዱን ከነገመዱ ነቅለው የአባዬን ፊት መቱበት። ቁልፎቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ተበተኑ። አባዬ አፍንጫው እየደማ ተነሥቶ አንገታቸውን አነቀና ተያይዘው የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። እዚያው ስብርባሪው ላይ እየተንከባለሉ ተቧቀሱ። ጋሽ ብርሃኑ የአባዬን ጭንቅላት ከማሞቂያው ብረት ጋር ሲያጋጩት በዓይኔ አየሁ። «ኡኡ!» እያለች መሃል የገባችውን እማዬን መስታወት ክንዷን ቆረጣት። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቀረሁ።

ጎረቤት ደውላ ኖሮ ፖሊስ መጣ። ሁለቱም እያለከለኩ ተላቀቁ። አንዷ ፖሊስ ጎንበስ ብላ የሆነውን ጠየቀችኝ። አባዬ ደም በሞላው አፉ «ወድቆ ነው በያት» አለኝ። እኔ ግን ያየሁትን ነገርኳት። ጋሽ ብርሃኑ እየተወሰዱ ዘወር ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሳይሆን እፍረት ነበር።

ጽሑፉ ለካ አልጠፋም። በኋላ የድሮውን የፊደል ዓይነት ስንመርጥለት አንድም ሳይጎድል ተመለሰ። አባዬ በተሰፋ ቅንድቡ ሥር ዓይኑን እየጠረገ አነበበው፤ ሳይነካካ ጋዜጣው ላይ አትሞ ላከላቸው። መልስ አልመጣም። «መከራ ያዛመደውን ምቾት አፋታው» ትል ነበር እማዬ።

ዛሬ ፊደል ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል። በሲዲ እንጭነው እንደነበር ለልጄ ስነግራት «ኤሽት? የምርሽን ነው?» ብላ ትስቃለች። አባዬ አርጅቷል፤ መልእክቱን በድምፁ ነው የሚልክልኝ። ባለፈው ጋሽ ብርሃኑ ጊንሃይም የሚባለው ሰፈር ታመው መተኛታቸውን ሰማ።

«እስቲ ቁጥሩን ፈልጊልኝ» አለኝ።

ቁጥሩን አፈላልጌ ቤቱ ሄጄ በስልኬ ደወልኩለት። ስልኩ መጥራት ሲጀምር አባዬ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ።

«ብርሃኑ» አለ።

ከወዲያ የጋሽ ብርሃኑ ሳል ብቻ ተሰማ። ስልኩን ግን አንዳቸውም አልዘጉትም።