የሾፌሩ የቢላዋ መሰኪያ

በዚያ ቤት ሽንኩርት ለመክተፍ ቁልፍ ያስፈልግ ነበር። እናትየው ቢላዋዎቹን በፎጣ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍባቸዋለች፤ ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም። ምግብ ልትሠራ ስትነሣ መኝታ ቤት ገብታ ታወጣቸዋለች፣ ከትፋ ስትጨርስ አጥባ መልሳ ትቆልፋለች።

ይህን ያመጣው የልጃቸው ሕመም ነው። ልጁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ እጁ ሥራ የሚወድ፣ ቀልድ የማያልቅበት ጎረምሳ። ካቻምና ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። አንድ ቀን እናቱ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ትልቁን ቢላዋ ይዞ፣ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ቆሞ አገኘችው። ማንንም አልነካም፤ ስትጠራውም አስቀምጦት ወጣ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፏ እንቅልፍ አልሆነም። ልጁ ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። ጎረቤቱም ከንፈር መምጠጡ ሰለቸው።

አባትየው ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰፈሩ ሾፌሩ እያለ ነው የሚጠራው። እሱን አንጀቱን የሚበላው የቁም ሣጥኑ ድምፅ ነበር። በሩ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ልጁ አንገቱን ይደፋል። ምሳ ላይ ዳቦው ሳይቆረጥ ከመጣም ቢላዋ አምጪ የሚል የለም፤ ሦስቱም በእጃቸው እየቆረሱ ይበላሉ።

እናም ሾፌሩ የቢላዋ መሰኪያ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ቢላዋዎቹ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ በግላጭ ይቀመጣሉ፤ ልጁም በቤቱ የሚፈራው ሰው እንደሌለ ያያል። ሚስቱ ስትሰማ ክው አለች። ያን ቀን ያየችውን፣ ሐኪሙ ያላትን እያነሣች ተከራከረችው። እሱ የሚመልስላት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ልጄ በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ እየተጠበቀ አይኖርም።»

በመጨረሻ ደከማትና ተወችው።

ጓሮ ወድቆ የከረመ መደርደሪያ ነበር። ሾፌሩ ልጁን ጠርቶ ያዝልኝ አለውና ሳንቃውን በመጋዝ እኩል እኩል ቆረጡት። እንጨት ፈልፍሎ ለቢላዋ ቀዳዳ ማውጣት የአናጢ ሥራ ነው፤ ዘዴውን ያመጣው ልጁ ነበር። በሳንቃዎቹ መካከል ዳርና ዳሩን ቀጫጭን ጣውላ እየጣሉ ቢደራርቡት፣ ባዶ የቀረው ክፍተት ራሱ የቢላዋው ቤት ይሆናል። ኮላ ቀብተው ደረደሩትና ሾፌሩ በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሲደርቅ ልጁ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገው ጀመር። መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ለዚህ ሥራ ግን የሚንቀጠቀጥ እጅም አላነሰም።

ጠረጴዛው ላይ ሲያቆሙት ወደ ግራ ዘመም አለ። እናትየው እንደ አውቶቡስህ ያጋድላል አለችው። ሾፌሩ ተሳፋሪ ሲሞላ ይስተካከላል ሲል ልጁ ሳቀ። ያን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ። መኝታ ቤት ገባችና ቢላዋዎቹን አምጥታ ሰካቻቸው። ከዚያ በኋላ ዳቦ የሚቆርጠው ልጁ ሆነ፤ ሾፌሩም ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ፣ አፉን ሞልቶ ልጄ ዳነ ይል ጀመር።

ልጁ መድኃኒቱን አንድም ቀን አላጓደለም። ሕመሙ ግን ተመለሰ። መጀመሪያ ምግብ ቀነሰ። ቀጥሎ ሬዲዮኑን ዝጉልኝ ማለት አመጣ፤ ሬዲዮኑ አልተከፈተም ነበር። ሾፌሩ አይቶ እንዳላየ ሆነ፣ ለሚስቱም ድካም ነው አላት።

አንድ ጠዋት ሾፌሩ ጢሙን ሲላጭ ልጁ ከኋላው መጥቶ ቆመ። ቢላዋዎቹን በሸሚዙ ጠቅልሎ ታቅፏቸዋል።

«አባዬ፣ ቆልፉባቸው» አለው። «እማዬ ልክ ነበረች።»

«አንተ እኮ ማንንም ነክተህ አታውቅም፣ ልጄ።»

«እስከ ዛሬ።»

ሾፌሩ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ጥቅሉን ተቀበለው። ልጁ ልብሱን ራሱ ሸክፎ ሆስፒታል ውሰዱኝ አለ፤ ከዚህ በፊት እየተለመነ፣ እየተያዘ ነበር የሚሄደው። ሐኪሙ አስተኝቶ መድኃኒቱን እንደሚቀይርለት፣ ከዚያ በላይ ግን ቃል መግባት እንደማይችል ነገራቸው።

መሰኪያውን እናትየው አልጣለችውም፣ ቢላዋም አልመለሰችበትም። አቧራውን እየጠረገች መልሳ እዚያው ታቆመዋለች። ሾፌሩ ማድ ቤት መግባት ትቷል።

እሑድ እሑድ ብርቱካን ገዝቶ ሆስፒታል ይሄዳል። ልጁ አንዳንድ ጊዜ ወጥቶ አጠገቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አይናገርም። አንዳንድ ጊዜ ጭራሽ አይወጣም። ያኔ ሾፌሩ ብርቱካኑን ለበር ጠባቂው ሰጥቶ ይመለሳል፤ ሚስቱ እንዴት ዋለ ስትለው፣ ደህና ነው ይላታል።