«ይማርሽ» የተባለችው መኪና

ባለፈው እሑድ ከልጄ ከማህሌት ጋር በአዲሱ ሰፊ የፒያሳ መንገድ ስንሄድ፣ አንድ ወጣት መሬት የምትልስ ቢጫ የስፖርት መኪና እያስጓራ በአጠገባችን አለፈ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ምነው እማዬ፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?» አለችኝ። አንድ ካፌ ገብተን ተቀመጥንና፣ እስከዚያ ቀን ነግሬያት የማላውቀውን ነገርኳት።

ያኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። እዚሁ ፒያሳ፣ አንድ ወርቅ ቤት በሻጭነት እሠራ ነበር። ሳምሶን የሚባል፣ በአጎቱ የጎማ ሱቅ የሚሠራ ሳቂታ ልጅ እወድ ነበር፤ እሱም ይወደኝ ነበር። በጥር ልንጋባ ተስማምተን፣ ከደመወዛችን እየቆጠብን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ለሁለት ክፍል ቤት ቅድሚያ ከፍለናል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጽጌ የነበረው ተከራይ እስኪወጣ እየጠበቁልን ነበር። ስንቱን ማታ መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን እያልን ተከራክረናል።

መኪናዋ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። አንድ ጣሊያናዊ ሥራ ተቋራጭ ጥሏት የሄደ፣ ለዓመታት ሸራ ለብሳ የቆመች፣ ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና ነበረች። ሳምሶን በርካሽ አገኘኋት ብሎ ያለውን ሁሉ አራግፎ ገዛት። «በጥር ሙሽራ ይሰለፍላታል፣ አልሜ» አለኝ፤ ሲያቆላምጠኝ እንዲያ ነበር የሚጠራኝ። «ለሠርግ እያከራየናት ቤት እንሠራባታለን።» ቆንጆ ነበረች፤ አልዋሽም። ቆማ ስትታይ ከወርቅ ቤታችን መስኮት የበለጠ ታበራለች። ችግሩ ስትሄድ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለች። ካርቡራተሯ አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይዛባል። ከመሬት አትርቅምና የዘይት መያዣ ኮፓዋን ድንጋይ በመታው ቁጥር ዘይቷ መንገድ ላይ ይፈሳል። ተጣጥፈው ከሚገቡት የፊት መብራቶቿ አንዱ ብቅ ሲል ሌላው አይነሳም፤ መንገደኛውን ሁሉ እየጠቀሰች የምታልፍ ትመስል ነበር። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭስ ማውጫዋ ዷ እያለ ያስነጥሳታል። የአራዳ ልጆች ይህን አይተው ያልፋሉ? ባንኮኒ ተደግፈው ቡና የሚጠጡት ሁሉ በአንድ ድምፅ «ይማርሽ» ይሏታል። በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ።

ሳምሶን የሚያስጠግናት ከውቤ በረሃ ሰፈር ኋላ፣ የወሎው ጋሽ አብዱ ጋራዥ ነበር። ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ ተወሽቆ ስለተሠራ፣ አንዲት ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ለመቀየር እንኳ ሞተሩ በሙሉ መውረድ አለበት። ለሌላ መኪና የግማሽ ቀን ሥራ የሆነው ለእሷ ሳምንት ይፈጃል፤ የእጅ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ዕቃዋ ከጣሊያን ይታዘዛል፤ ሲመጣ ጉምሩክ ይይዘዋል፤ ሲፈታ ልኩ ሌላ ይሆናል። ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው ፍሪሲዮኗ ሲነድ ጋሽ አብዱ ተስፋ ቆርጦ ከከባድ መኪና ፍሪሲዮን የተቆረጠ ልባስ አለበሰላት። የፒያሳን ዳገት ጥቂት ጊዜ እንደወጣች እሱም ነደደ፤ ሽታው ቀሚሴ ላይ ሰንብቷል። «በዚህ ብር በሬ ብትገዛበት ይሻልህ ነበር» አለው ጋሽ አብዱ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ሳምሶን ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሑዳችን ሁሉ፣ ኬኩም ማኪያቶውም ቀርቶ፣ እዚያ ጋራዥ ጎማ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ሆኖ ነበር።

ሳምሶን በጥቅምት እኛ ቤት ሽማግሌ ላከ። አባቴ ልብስ ሰፊ፣ ቃሉንና ሰዓቱን የሚያከብር ሰው ነበር። እናቴ ከማለዳ ጀምራ ድፎ ዳቦውን፣ ምንቸት አብሹን አሰናድታ ቤቱን በመዓዛ ሞልታዋለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች በታክሲ በሰዓቱ ደረሱ። ዋናውን፣ አቶ ዘውዴን ግን ሳምሶን በክብር ላምጣቸው ብሎ በይማርሽ ጭኗቸው ነበር። ዋናው ሳይመጣ ጉዳዩ አይነሳም። ሁለቱ ሰዎች በር ላይ ቆመው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ፤ ከዚያ ወሬ አለቀባቸው። አባቴም ተቀመጡ አላለም። ወጡ ሁለቴ ተሞቀ። እኔ ከጓዳ መጋረጃ ኋላ ቆሜ ጣቴን እነክሳለሁ።

አቶ ዘውዴ ሲደርሱ ነጭ ጋቢያቸው በዝገት ውሃ ቀልሟል። ዳገቱ መሀል ላይ ራዲያተሩ ፈልቷል፤ ሳምሶን ሲከፍተው ውሃው ተረጨባቸው፤ የቀረውን በእግራቸው ወጡት።

«ልጁስ ደህና ነው?» አለ አባቴ።

«ደህና ነው። ከመኪናዋ ጋር ቀርቷል።»

አባቴ ጋቢውን አየና «እንግዲህ ዘመድ ላማክር፤ ሌላ ቀን ብቅ በሉ» አለ። ወጉ ነው፤ ማንም የልጅ አባት እንዲሁ ይላል። ድምፁ ግን የወግ አልነበረም።

በማግስቱ ሳምሶን ወርቅ ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ይቅርታ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። «ያፈላት ቴርሞስታቱ ነው፣ አልሜ» አለኝ። «አሁን ገባኝ፣ ቴርሞስታቱ ነው።»

ያንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። መስኮቱን ለክቼ መጋረጃ ልገዛ ዶሮ ማነቂያ ስሄድ፣ እትዬ ጽጌ አፍረው መሬት መሬት አዩ። «ልጄ፣ ሳምሶን እኮ ብሩን ወስዶታል። አልነገረሽም?» አሉኝ። ክፍሎቹን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል።

ጋራዥ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሞተሩ መሬት ላይ ወርዷል። ሳምሶን ከካርቶን ያወጣውን አዲስ ፍሪሲዮን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል።

«የቤቱን ብር ወሰድከው?»

«ለጥር ይመለሳል። አንድ ወር ሠርግ ከሠራች—»

«ጠየቅከኝ?»

ፍሪሲዮኑን ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። ከዚያ «ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው» አለኝ።

«ሽማግሌዎቹን ሁለተኛ እንዳትልክ» አልኩት።

ጋሽ አብዱ ካቻቢቴውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ሳምሶን ሞተሩን አየ፣ እኔን አየ። «ትነሣና እንነጋገራለን» አለ። መኪናዋ ትነሣና ማለቱ ነው። ትቼው ወጣሁ። የጎመን ብስባሹን እየረገጥኩ በአትክልት ተራ በኩል እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ተሸካሚዎቹ «ዞር በይ እህት» እያሉ ያልፉኛል።

የከፋው ግን በጥር ሆነ። ወርቅ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ይማርሽ አበባ ተለጥፎባት፣ የማላውቃት ሙሽራ ይዛ፣ ዳገቱን ያለ አንዲት ማስነጠስ ወጣችው። ሳምሶን ክራቫት አስሮ ይነዳል፤ ሙሽራው በሌላ መኪና ይከተላቸዋል። ባንኮኒው ላይ ያሉት ልጆች አጨበጨቡላት። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ፋሲካ ሳይደርስ እንደገና ቆመች አሉ። ድሬዳዋ ላለ ሰው ተሸጠች። ከቤቱ ብር የኔን ድርሻ ሳምሶን በአጎቱ በኩል ሳያጎድል ላከልኝ፤ እሱም ከተማውን ለቀቀ። እኔ ቆይቼ የማህሌትን አባት አገባሁ፤ ረጋ ያለ፣ ነገሩን ሁሉ የሚያማክረኝ ሰው ነበር።

ማህሌት ሰምታኝ ስታበቃ ማኪያቶዋ ቀዝቅዞ ነበር። «እንኳንም ተበላሸች» አለችኝ። «ባትበላሽ ታገቢው ነበር፤ እኔም አልኖርም ነበር።»

እውነቷን ነው። እኔ ግን እንደሷ አፌን ሞልቼ «እንኳን» ማለት አቃተኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ ሳምሶን እምቢ እንደምለው ያን ያህል እርግጠኛ መሆኑ ነው። ቢጠይቀኝ ኖሮ እጮህበት ነበር፤ ጥቂት ቀን አኮርፈው ነበር። ከዚያ፣ እኔ ራሴን ስለማውቅ፣ ብሩን እሰጠው የነበረ ይመስለኛል።