ሁለት ቁጥር ያለው ምንሽር

ልጅ እያለሁ ቤታችን ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ከተማችን መቱ ዝናብ ከያዘ አይለቅም። የቆርቆሮው ጩኸት ራዲዮ አያሰማም፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሰነብታል፣ ብረት ደግሞ ካልጠበቁት ወዲያው ይዝጋል። ስለዚህ እናቴ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የአባቴን ምንሽር ከግድግዳው ታወርድና ላምባ በነካ ጨርቅ ትወለውለው ነበር። አባቴ የሞተው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ፊቱ በደንብ አይታወሰኝም። ጠመንጃውን ግን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀዋለሁ።

እናቴ ስትወለውል ዝም አትልም፤ የእያንዳንዱን ብረት ታሪክ ታወራልኛለች። በርሜሉ ላይ ቁጥርና ዘውድ የመሰለ ምልክት ተቀርጿል፤ እሱ አያቴ ከሸዋ ይዘውት የመጡት ነው። ሰደፉ ግን የፋብሪካ አይደለም። የፊተኛው ተሰብሮ፣ እዚሁ መቱ አንድ አናጢ ከዋንዛ ጠርቦ የሠራው ነው። ጉንጬን ሳስጠጋበት ይለሰልሰኝ ነበር። ጥይቱን ወደ ውስጥ የሚገፋው ማቀባበያ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለው፤ እጀታው ላይም በሞረድ የተሠራች መስቀለኛ ጭረት አለች። እናቴ እሷ ላይ ስትደርስ ጨርቁን ቀስ ታደርገዋለች።

«ይቺ የነገራ ናት» ትለኛለች።

ነገራ የኖፓ ገበሬ፣ የአባቴ ጓደኛ ነበር። በቆሎ ሲደርስ ሁለቱ አብረው ከርከሮ ይጠብቁ ነበር። የነገራም ጠመንጃ ምንሽር ነበር፤ በርሜሉ ፈንድቶ ከጥቅም ውጭ ሲሆንና የአባቴም ማቀባበያ ሲሰበር፣ ነገራ የራሱን ነቅሎ «ያንተው ይተኩስልን» ብሎ ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ታሞ ሞተ፤ አባቴም ተከተለው።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ ያስመዝግብ ተባለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምንሽሩን በትከሻዋ አንግታ፣ እኔን በእጇ ይዛ ሄደች። ግቢው በወንዶች ተሞልቷል፤ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ወጣቱ ፖሊስ የበርሜሉን ቁጥር ከአባቴ የድሮ ወረቀት ጋር አስተያየና «ይገጥማል» አለ።

ይሄኔ ነው ከሰልፉ መሀል አንድ ሽማግሌ ወጥተው ማቀባበያውን ጨብጠው የያዙት።

«ኩን ካን ኦቦሌሳ ኮቲ! የወንድሜ ነው! ይቺን ጭረት ዓይኔ እያየ ነው የሞረዳት። እሱ ከሞተ ጀምሮ ጠመንጃው የት እንደገባ አጥተን ቀረን!»

ግቢው ተንጫጫ። «የሟች ንብረት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴን እንደ ሌባ ያዩዋት መስሎኝ ነጠላዋ ውስጥ ገባሁ። ፖሊሱ ግን ነገሩን ቶሎ ሊዘጋው ፈለገ።

«አባባ፣ ቁጥሩ የእሳቸው ነው። እትዬ በላይነሽ፣ ይያዙና ይሂዱ።»

መሄድ ትችል ነበር። ወረቀቱ ይመሰክርላታል፣ ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። እናቴ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ቆይ ልጄ። ሰውዬው አልዋሹም» አለች።

ነጠላዋን አውልቃ አግዳሚው ላይ ዘረጋችና፣ ያ ሁሉ ወንድ እያየ ማቀባበያውን ስባ አወጣችው። ከዚያ ለሽማግሌው በኦሮምኛ፣ ለፖሊሱ በአማርኛ እያለች አስረዳች። በርሜሉ የአማቷ እንደሆነ፣ ሰደፉ መቱ እንደተጠረበ፣ ማቀባበያው ግን ቁጥሩም ጭረቱም የነገራ እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ለባለቤቴ በፈቃዱ ነው የሰጠው። ምስክር ግን የለኝም፤ ሁለቱም አፈር ሆነዋል። ካመኑኝ ይመኑኝ፤ ካላመኑኝም የወንድምዎ ዕቃ ይኸው» ብላ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«እትዬ፣ ያለ እሱ እኮ ዱላ ነው!» አለ ፖሊሱ።

«አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ማቀባበያዋን ተቀበሉ። ጭረቷን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሷት። ጋቢያቸው ውስጥ ከትተዋት ወጡ። እኛም የጎደለውን ምንሽር ተሸክመን በመቱ ዋና መንገድ ወደ ቤት ተመለስን። ጎረቤቶቻችን ወሬው ቀድሞን ደርሷቸው ደጅ ላይ ጠበቁን። «ምን ነካሽ? የባልሽን ጠመንጃ አምክነሽ መጣሽ?» አሏት። እናቴ ባዶውን ምንሽር መልሳ ሰቀለችው። የዚያን ማታ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታለቅስ ሰማኋት።

በገበያ ቀን ሽማግሌው በራችን ላይ ቆሙ። አንድ ቅል ማር ይዘዋል። ስማቸው ኦቦ ዲሳሳ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅነው። ሳይቀመጡ ማቀባበያዋን ከጋቢያቸው አወጡ።

«ኖፓ ገብቼ የነገራን ሚስት ጠየቅኳት» አሉ። «‹ለመቱው ጓደኛው ሰጥቶታል፤ ማን ጠይቆኝ ልንገር?› አለችኝ። ወንድሜ በእጁ የሰጠውን እኔ አልወስድም። አንቺ ግን ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዝም ብለሽ መሄድ ስትችዪ አልሄድሽም። ይሄንን አልረሳውም።»

ራሳቸው ምንሽሩን ከግድግዳው አውርደው፣ ማቀባበያዋን ቦታዋ መለሷት። ስትገጥም ያሰማችው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናቴ እንዲህ ቀና ብላ አይቻት አላውቅም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ታሪኩን ላልጠየቀኝ ሁሉ አወራሁ፤ ለጓደኞቼ በኦሮምኛ፣ ለአማርኛ አስተማሪያችን በአማርኛ።

ዛሬ መቱ ሌላ ናት። አስፋልቱ፣ ባጃጁ፣ ፎቁ በዝቷል። ሁለት ሰው ሲጋጭም እውነቱ የማን ነው ከመባሉ በፊት ሰውዬው የማን ወገን ነው ይባላል፤ ይሄ ያሳዝነኛል። የእናቴ ቤት ግን አልተለወጠም። የኦቦ ዲሳሳ የልጅ ልጅ ጫልቱ እዚህ መቱ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ አባቷ ሻንጣዋን ይዞ በቀጥታ ወደ እናቴ ነው ያመጣት። ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እናቴን «አኮ» ትላታለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫልቱን የማያውቃት ሰው «ይቺ ልጅ ምንሽ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እናቴ የልጅቷን ክንድ ደገፍ ብላ «የቤቴ ልጅ ናት» ትልና መንገዷን ትቀጥላለች። እኔ ከኋላቸው እየተራመድኩ፣ የዚህች እናት ልጅ በመሆኔ ደረቴ ይነፋል።