የዘርፌ መቀርቀሪያ

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ አዲስ የተከፈተ ፀጉር ቤት ገብቼ ነበር። ልጁ ቆርጦኝ ሲያበቃ አንገቴ ላይ የቀረውን ለማራገፍ ብሎ የፀጉር ማድረቂያውን ሰካና ለቀቀብኝ። ሞቅ ያለ አየር፣ የአቧራ ቃጠሎ ሽታ፣ ያ ወጥ የሆነ ጩኸት። ቀኝ እጄ ሳላዘው መዶሻ የያዘ ይመስል ጨበጠ። ልጁ በመስታወቱ አይቶኝ "አቃጠለህ እንዴ ወንድሜ?" አለ። "የለም፣ ቀጥል" አልኩት። ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነበር፤ የማየው ግን ከሰል ሲቀላ ነው።

ዘርፌ ታላቅ እህቴ ናት። ከአረብ አገር የተመለሰችው እኔ የፈተና ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት በዋልኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። አባቴ የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ እሷ ከምትልከው ላይ ከዋናው ቤት ጎን አንድ ክፍል ሠርተው ጠበቋት። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ቆርቆሮ። በሩ ከውጭ የጓጉንቸር ማስገቢያ ነበረው። ከውስጥ ምንም አልነበረውም። ክፍሉ ዕቃዋን ከሌባ እንዲጠብቅ ነበር የታሰበው፤ ሰው ከውስጥ ሆኖ መዝጋት ይፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የሄደችው ዘርፌ ሳቋ ከጎረቤት የሚሰማ ልጅ ነበረች። የተመለሰችው ስትጠራ ብድግ የምትል፣ ተቀመጪ ካልተባለች የማትቀመጥ ሴት ሆነች። ምን ትበያለሽ፣ ምን ትለብሻለሽ፣ ማን ጋ እንሂድ ስትባል መልሷ አንድ ነበር፤ "እንዳላችሁ።" ማታ ልትተኛ ስትገባ ከባድ ነገር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት እሰማለሁ። አንድ ጠዋት ገብቼ ሳይ ወለሉ ላይ ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ ሁለት ነጭ ጭረት ተሰምሯል። የሻንጣዋ ጎማ ነው። ሻንጣውን በሩ ላይ አስደግፋ ነበር የምትተኛው። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር?

እኔ በዚያ ሰሞን ያበድኩት በብረት ነበር። ስልኬ ላይ የሩቅ አገር ሰዎች በጓሯቸው ከወዳደቀ ዕቃ የከሰል ምድጃ ሠርተው ብረት ሲያግሉ፣ ቢላ ሲያወጡ አያለሁ። ለሽያጭ አይደለም፤ እንዲሁ ደስ ስለሚላቸው ነው። ይህን እኛ አገር ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እኛ ዘንድ ብረት ቀጥቃጭ ሥራውን ከአባቱ ይወርሳል፤ ስድቡንም አብሮ። ማረሻውንና ማጭዱን ገበያ ላይ ይገዙታል እንጂ ቤቱ ገብተው እህል አይቀምሱም። ሕፃን ያዘለች ሴት በደጁ ስታልፍ ነጠላዋን ልጁ ፊት ላይ ትጥላለች። ቡዳ ነው ይሉታል። በሠራው ማጭድ እህላቸውን ሲያጭዱ ግን ማንም ነጠላ አይጥልም።

እናቴ ሐሳቤን ስትሰማ "እነሱስ ቸግሯቸው ነው፤ አንተ የምን ጥጋብ ነው?" አለች።

ጋሽ ሰይድ መንገድ ዳር ጋራዥ የነበራቸው፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። አሮጌ የአይሱዙ የፍሬን ታምቡር ፈልጌ ሄድኩ።

"የመሪጌታ ልጅ ታምቡር ምን ይሠራለታል?"

"ምድጃ ልሠራበት፤ የብረት ማጋያ።"

"ያ አላህ! አባትህ ዜማ ያወርዳሉ፣ አንተ መዶሻ ልታወርድ?" ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። "ውሰደው በቃ፣ አብሽር። ግን እኔ አልሰጠሁህም። አይሱዙው ሲያልፍ ከራሱ ወድቆ ነው ያገኘኸው።"

ታምቡሩን ከጓሯችን ግድግዳ ጥግ በድንጋይ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በጭቃና በጭድ ለሰንኩት። ከሥሩ የውሃ ቱቦ አስገባሁ። መቀጥቀጫ መስፍ የሆነኝ፣ እዚያው ጋራዥ ያገኘሁት፣ ግንድ ላይ የቸነከርኩት የወፍራም ብረት ቁራጭ ነው። የጎደለኝ እስትንፋስ ነበር። ቀጥቃጮች የፍየል ቆዳ ወናፍ አላቸው። እኔ በአፌ ነፋሁ፣ በሰፌድ አራገብኩ፤ ከሰሉ ጭሶ ጭሶ ይሞታል። ሁለተኛው ቀን ላይ ዘርፌ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ስታየኝ ቆየች። ሄደች፤ ስትመለስ እጇ ላይ የፀጉር ማድረቂያ ነበር።

"በዚህ የእመቤቴን ፀጉር አደርቅ ነበር" አለች። "አርጅቷል ብላ ጣለችልኝ። አሁን ደግሞ ብረት ያድርቅ።"

ከተመለሰች ወዲህ ከእሷ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

የማድረቂያውን አፍ ቱቦው ውስጥ ሰክቼ በጨርቅና በጭቃ አሰርኩት። መጀመሪያ በጣም አቅርቤው ፕላስቲኩ መቅለጥ ጀመረ፤ ሽታው እናቴን ከቤት አስወጣት። ቱቦውን አስረዘምኩ፣ ማድረቂያው አየሩን ሳያሞቅ እንዲነፋ ብቻ አደረግኩት። ሲሰካ ከሰሉ ከሥሩ አጉረመረመ፤ ጥቁሩ ቀይ፣ ቀዩ ቢጫ ሆነ። ከክፍሏ ግንባታ የተረፈ የፌሮ ቁራጭ ከተትንበት። ሲወጣ ጫፉ የበሰለ ብርቱካን ይመስል ነበር። መታሁት። ብረት እንደ ሊጥ ሲታዘዝ ያየ ሰው ብቻ ያን ደስታ ያውቀዋል። ዘርፌ ሳቀች። አባቴ በግድግዳው ጥግ በትራቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ሊቆጡ ነበር የመጡት መሰለኝ። ሳቋን ሰሙ። "ጨዋታችሁን ከጓሮ አታውጡት" ብለው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ከቀሩት ሁሉ ይበልጥ ጥርት ብለው ይታዩኛል። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጣል። መብራት ሲኖር እንሠራለን፣ ሲጠፋ ከሰሉ ዳር ተቀምጠን የገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን። ዘርፌ ዓይኗን ከእሳቱ ሳታነሳ ታወራለች። ስለ ረጅም ፎቅ፣ ስለማይከፈት መስኮት፣ ቀንና ሌሊት ስለማይጠፋ መብራት። አንድ ቀን ግን ፌሮውን በጉጠት ይዛ እያገላበጠች እንዲህ አለች፤

"የቤቱ በር በእኔ ላይ ከውጭ ይቆለፍ ነበር። የእኔ ክፍል ግን ቁልፍ አልነበረውም። የፈለገ ሰው ይገባል።"

ማን እንደሚገባ አልጠየቅኳትም። ፊቷ ላይ የእሳቱ ብርሃን ይወጣል ይወርዳል።

"መቀርቀሪያ እሠራለሁ" አለች። "ከውስጥ የሚዘጋ። አንተ አትሥራልኝ፣ አሳየኝ እንጂ።"

"እታለም፣ ገበያ ላይ እኮ ሞልቷል። አሁን ሄጄ ልግዛልሽ?"

"የተገዛ አልፈልግም።"

ያለኝ ዕውቀት ከስልክ የተቃረመ ነው፤ ያንኑ አካፈልኳት። ፌሮውን አግላ አግላ ጠፍጣፋ አደረገችው። የመጀመሪያው ነደደና ጫፉ ተበላ። ሁለተኛው ተጣመመ። እጇ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። በአንድ ወፍራም ምስማር ላይ የሚዞር፣ ከላይ ወደ ታች ወድቆ መያዣው ውስጥ የሚቀመጥ መቀርቀሪያ ነበር ያሰበችው።

በዚሁ መካከል ከከላላ መልእክት መጣ። እህል የሚነግድ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ክፉ ስም የለውም። ለጥር ሠርግ ሽማግሌ ልላክ ይላል። አባቴ የራሷ ትዳር፣ የራሷ ጎጆ ሲኖራት ልቧ የሚመለስ መስሏቸው ነበር። አስጠርተው ጠየቋት።

"እንዳላችሁ አባባ" አለች።

አባቴ ይህን እሺታ አድርገው ወሰዱት። እኔ ግን ያን ቃል ሰምቼው ሰልችቶኛል። የጠየቋትን ሁሉ የምትመልስበት ቃል መሆኑን አውቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በኅዳር ባለወልድ ቀን በበቅሎ መጡ። በዓል ስለሆነ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገኛል፤ ማጭድ አይነሳም፣ በሬ አይጠመድም። ያን ቀን አገሩ ጸጥ ይላል። የነቢያት ጾም ስለነበር ሽሮና ምስር ቀረበ። እኔ እጅ አስታጥባለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ተካ የሚባሉ፣ ምላሳቸው የተሳለ ሰው ነበሩ። ስለ መከሩ፣ ስለ በቅሎዋ መዳከም አወሩ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ ሊገቡ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

ያኔ ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ።

አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደጋግሞ፣ እየጠነከረ። ከሥሩ የፀጉር ማድረቂያው ጩኸት። አገሩ ጭር ባለበት በዚያ ሰዓት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሳይሰማ አይቀርም። ጋሽ ተካ እጃቸውን ከማዕዱ መለሱ።

"መሪጌታ፣ ደጃችሁ ቀጥቃጭ አስጠጋችሁ እንዴ? ለዚያውም በባለወልድ?"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። በዓይናቸው "አንተ ነህ" ብለው ሊጨርሱት ነበር፤ እኔ ግን የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዤ ፊታቸው ቆሜያለሁ። እናቴ እንግዶቹን እያስተናገደች ነው። ቤቱ ውስጥ የጎደለው ሰው አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ተካም ያንን ለመቁጠር ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"ሙሽሪት ናት?" አሉ ቀስ ብለው። አባቴ ዓይናቸውን ማዕዱ ላይ ጣሉ። ጥቂት ቆይተው ተነሱ። "እንግዲህ ለበቅሎዎቹም መንገዱ ረጅም ነው" አሉ፤ የመጡበትን ነገር ሳይናገሩ ወጡ።

አባቴን ተከትዬ ጓሮ ሄድኩ። ዘርፌ ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ ግንባሯ በከሰል ጠቁሮ፣ መቀርቀሪያውን ውሃ ውስጥ እየነከረች ነበር። ብረቱ ጮኸ፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው።

"ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አሉ አባቴ።

"ጠፍቶብኛል አባባ። እዚያ ቀን ስም የለውም፤ ሁሉም አንድ ነው።"

አባቴ ቁጣቸው ከፊታቸው ረገፈ። በልጃቸው ላይ የደረሰውን ያኔ ገና ያዩት ይመስል በከሰል የጠቆረ ግንባሯን ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ይህ ነገር ይፍረስ" አሉና ሄዱ።

እኔ ግን ጠዋት ውሃ ስንቀዳ ጠይቃኝ ነበር። "ዛሬ ምንድን ነው?" አለችኝ። "ባለወልድ" አልኳት። "ሥራ የለም ማለት ነው?" "የለም፣ ሽማግሌዎቹም ለዚያ ነው ዛሬ የሚመጡት።" "እሺ" አለች፤ ጀሪካኗን አንስታ ቀደመችኝ። አሁን በእንፋሎቱ መካከል አየችኝ፤ ዓይኗን አልሰበረችም። እኔም አፌን ዘጋሁ። ምሥጢሩ የእሷ ነበርና።

በማግሥቱ ምድጃውን አፈረስኩት። ታምቡሩን ጋሽ ሰይድ "እንግዲህ ወደ አይሱዙው ውጣ ልበለው?" ብለው ተቀበሉኝ፤ ሁለታችንም ሳንስቅ ቀረን። ዘርፌ መቀርቀሪያውን በሯ ላይ ራሷ ገጠመችው። ከዚያ ወዲያ ሻንጣው ሲጎተት ሰምቼ አላውቅም።

ወሬው ግን ከበቅሎዎቹ ቀድሞ ነበር ከላላ የደረሰው። ገበያ ላይ ሴቶች ዘርፌን ሲያዩ ሕፃናታቸውን ያዞሩ ጀመር። ሌላ ሽማግሌ አልመጣም። ከጥምቀት በኋላ ደላላ አግኝታ ተመልሳ ሄደች። "ወደዚያው?" አልኳት መናኸሪያ ላይ። "ቢያንስ እዚያ ማንም አያውቀኝም" አለች። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ "መቀርቀሪያዬን እንዳትነቅሉት" አለችኝ። መጀመሪያ በየወሩ ደወለች፣ ከዚያ አልፎ አልፎ። ከዚያ ስልኳ ሌላ ቋንቋ ይናገር ጀመር፤ ቁጥሩ የለም የሚል ይመስለኛል። የጠየቅነው ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለውም። በሕይወት አለች ብለን አናወራም፤ የለችም ብለንም ተዝካር አላወጣንም።

መቀርቀሪያው ግን አለ። ዘርፌ ትንሽ አክብዳዋለች መሰለኝ፤ ነፋስ በሩን በኃይል ሲዘጋው ከላይ ተንሸራቶ በራሱ ይወድቃል። ቃ! ይላል። ባዶው ክፍል ከውስጥ ይቀረቀራል። እናቴ ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ታስቀምጣለች። እኔ ከበሩ ጎን ባለችው ጠባብ መስኮት ጠማማ ሽቦ አስገብቼ አነሳዋለሁ። ይህን በግጥም ልጽፈው ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ያ ድምፅ ከስንኝ ውስጥ አልገባ አለኝ።

ከፀጉር ቤቱ በወጣሁበት ቀን ቤት ስደርስ በሩ ተቀርቅሮ አገኘሁት። ሽቦውን ይዤ ወደ መስኮቱ ስሄድ አባቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰው የሚለዩት በእርምጃው ነው።

"ና እስቲ" አሉኝ። "ባለወልድ በመጣ ቁጥር እሰግድላታለሁ፤ ሳታውቅ ነው የሻረችው፣ ይቅር በላት እያልኩ። እንዲያው በእርግጥ ረስታ ነበር?"

ሽቦው እጄ ላይ ቀዘቀዘኝ። ይህን ያህል ዘመን የያዝኩላትን ነገር ለማን ነው የማቆየው?

"አልረሳችም አባባ። ጠዋት ነግሬያት ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡም ታውቅ ነበር።"

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አላውቅም።

"እንግዲያው መልሷ ያ መዶሻ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "እኔ እኮ 'እንዳላችሁ' ያለችውን ነበር የሰማሁት።"

በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ክፍሏ በር ሄዱ። ልከፍትላቸው ሽቦውን አነሳሁ።

"ተወው" አሉኝ።

አባቴ በገዛ ቤታቸው በር አንኳኩተው አያውቁም፤ ገፍተው ነው የሚገቡት። ያን ቀን ግን ጣታቸውን አጥፈው ቆርቆሮውን ቀስ አድርገው መቱት፤ ከዚያም አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። እኔም ሽቦውን መሬት ላይ አስቀምጬ አብሬያቸው ጠበቅኩ።