የድመቷን ጅራት ያላነሣሁበት ቀን

በደብረ ታቦር በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ቦት ጫማና ቴርሞሜትር ሰጥተው ወደ አንዲት የታሰረች ላም መሩኝ። ባለቤቱ "ሳንባዋን ነው የሚያማት" ሲል ማዳመጫዬን አወጣሁ። አለቃዬ እጄን ያዙኝ።

"ባለቤት የበሽታ ስም ይነግርሃል፤ አንተ መጀመሪያ ጅራት አንሣ" አሉኝ። ሳነሣ ላሟ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከጋፋት እስከ ሐሙሲት ያነሣሁት ጅራት ተቆጥሮ አያልቅም። የበሬ፣ የበግ፣ የአህያ። ድመት ግን አልነበረችበትም። መዝገባችን ላይ እንኳ ለዶሮ ዓምድ ተሰምሯል፣ ለድመት የለም።

እትዬ ጥሩወርቅ የመጡት ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር ግቢው በከብት ተጨናንቋል። ወረፋ የያዙት ገበሬዎች እሳቸው በቅርጫት ይዘዋት የመጡትን ድመት ሲያዩ ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

"መቀመጫዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች አስጨነቀችኝ፣ ልጄ። ኮሶ ይዟት ይሆን?" አሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ።

ጥሬ ሥጋ የሚበላ የአገሬ ሰው ሁሉ ኮሶን ያውቀዋል። ድመትም ሥጋ በል ናት። "ሌላ ምን ይሆናል ብለው ነው፣ እትዬ? ኮሶ ነው" አልኳቸውና ከቅርጫቱ ሳላወጣት የትል ክኒን ቆርሼ ሰጠኋቸው።

"ኧረ ደኅና አድርገህ እያት። ልጄ ያመጣቻት ናት። እሷን ከቀበርኩ ወዲህ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ሌላ ነፍስ የለም።"

"አይዞዎት፣ ትድናለች" ብዬ ቀጣዩን በሬ ጠራሁ።

በሳምንቱ ቅርጫቱን ይዘው ተመለሱ። ድመቷ ሞታለች። ክኒኑ አልሠራ ሲል፣ ኮሶ መሆኑን ከእኔ አፍ ሰምተዋልና፣ እንደ ድሮው የኮሶ ዛፍ አበባ ወቅጠው በጥብጠው ግተዋታል። ለሰው የሚሰጠውን ያህል ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ውሎ አልቻለችም።

ያን ጊዜ ጅራቷን አነሣሁ። ከፊንጢጣዋ አጠገብ ባቄላ የሚያህል፣ መግል የቋጠረ እብጠት አገኘሁ። ድመትና ውሻ እዚያ ግራና ቀኝ ትንንሽ የጠረን ከረጢቶች አሏቸው። ሲደፈኑባቸው ያሳክካቸዋል፣ ያማቸዋል፤ መሬት ላይ የሚጎተቱትም ለማስታገስ ነው። እሱን ማፍሰስ፣ ማጠብና መርፌ መውጋት ነበረብኝ። በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ።

"በገዛ እጄ ገደልኳት" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። "አንቱ አይደሉም" አልኳቸው። "ኮሶ አልነበረም። ሳላያት ነው ኮሶ ያልኩዎት።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸውን ሳያነሡ "ለማየት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብህ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

"ደቂቃም አይሞላ፣ እትዬ።"

ድመቷን በነጠላቸው መልሰው ሸፈኗትና ሄዱ። በደጃቸው ሳልፍ ዛሬም ልቤን ያመኛል።

በእኔ ቦታ ለምትሠሩ የምላችሁ ይህን ብቻ ነው፤ በሬም ይሁን ድመት፣ የበሽታውን ስም ከመጥራታችሁ በፊት ጅራቱን አንሡ።