ውሃውን ማዳም ራሷ ያመጣችበት ቤት

አፀደ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው ውሃ ነው። በጅቡቲ ሙቀት ውሃ መጠየቅ ብርቅ አይደለም፤ የእሷ ግን ለጥም አይደለም። ሥራ ፈላጊ ልጅ ይዛ ለማስቀጠር ስትሄድ፣ ስለ ደመወዝም ስለ ዕረፍት ቀንም ሳታነሳ ወንበሩ ላይ ትደላደልና «እስቲ ቀዝቃዛ ውሃ ካላችሁ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ዓይን ብቻ ናት። ማዳም የቤቱን ሠራተኛ በስሟ ነው የጠራቻት ወይስ በጭብጨባ? ልጅቷ ስትመጣ ቀና ብላ ነው ወይስ አንገቷን ደፍታ? ብርጭቆውን ስታስቀምጥ የምታየው እንግዳዋን ነው ወይስ የማዳምን ፊት? ውሃው ሳያልቅ የአፀደ ልብ ፈርዷል። እሺ ካለ አዲሷ ልጅ ትገባለች። እምቢ ካለ ባለቤቱ ወርቅ ቢያነጥፍ አትገባም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ከአፀደ ጋር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነ በግቢው የሚገባና የሚወጣ አያመልጠኝም። አፀደን እወዳታለሁ። ስለ ልቧ ስታወራ ግን ታሰለቸኝ ነበር። «ልቤ ነገረኝ፣ ልቤ ነገረኝ! የአንቺ ልብ ሬዲዮ ነው እንዴ ሙሉ ቀን የሚያወራው?» እላታለሁ። ትስቅና «ሬዲዮስ ይዋሻል» ትለኛለች።

እውነት ለመናገር መኩራቷ አይገርምም። ከወልድያ የመጣችው እሷም የሰው ቤት ልትሠራ ነው። ስትሠራ ኖራ፣ አንድ ጊዜ ለአገሯ ልጅ ቤት ፈለገችላት፣ ቤቱ ሰመረ። ቀጥላ ለሌላዋ ፈለገች። እንዲህ እንዲህ እያለች ሥራዋ ሆነ። ደላላ ሲሏት ግን ያማታል፤ «ደላላ የሚያየው ኪሱን ነው» ትላለች። ሌሎች ያስገቧቸው ልጆች ወሩ ሳይሞላ ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ፣ የእሷ ልጆች የማዳሞቹን ልጆች አሳድገው ይድራሉ። የፈረንሳዮቹ ሚስቶችም የአገሩ ባለሥልጣኖች ሚስቶችም ሠራተኛ ሲፈልጉ «አፀደ ትምጣ» ነው። ከአዲስ አበባ መስመር የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች መንገድ ላይ ለሚያገኟት ልጅ ሁሉ ስልኳን ይሰጣሉ።

አንድ የማይገባኝ ጠባይ ነበራት። የቤቷን በር አትዘጋም። ካምሲን የሚሉት ያ የሙቀቱ ወራት ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲመጣ እንኳ በሩን በጋዝ ሲሊንደር አስደግፋ ትተወዋለች። አቧራው በእሷ በር ገብቶ በእኔ መስኮት ይወጣል፤ የሰውን የሠርግ ቀሚስ አቧራ ያለብስብኛል። «ዝጊው እንጂ!» ስላት «አየር ይግባ» ትላለች፤ ሌላ መልስ የላትም።

ሀዊ የመጣችልን ሙቀቱ ሊጀምር ሲል ነው። የድሬዳዋ ልጅ ናት። ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን፣ ሶማሊኛውን እያቀላቀለች ታወራለች፤ ከምታወራው ይልቅ የምትስቀው ይበዛል። ሥራ እስኪገኝላት አፀደ ቤት ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን የእኔን በርጩማ ግቢው መሐል አስቀምጣ፣ ነጠላዬን ተከናንባ፣ ጉንጯን ነፍታ «እስቲ ቀዝቃዛ ውሃ ካላችሁ» አለች። ቁጭ አፀደን! ከሁላችን አብልጣ የሳቀችው አፀደ ራሷ ናት፤ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች «አንቺ ዱርዬ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሷ የምትፈልገው ቤት ከሌሎቹ የተለየ ሆነ። ምርጡን ካልሆነ አልሰጣትም አለች።

የተገኘው ቤት አምቡሊ ሰፈር ነበር። ማዳም ዙለይካ አስተማሪ ናት፤ ባሏ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው። አፀደና ሀዊ አብረው ሄዱ። የሆነውን ሁለቱም በየፊናቸው ነግረውኛል፤ የሚለያየው ነገሩ ሳይሆን አተያያቸው ነው።

ገና ከመቀመጣቸው ልጆቹ ሀዊን ከበቧት። አፀደ እንደ ልማዷ ውሃ ጠየቀች። ማዳም ማንንም አልጠራችም፤ ራሷ ተነስታ ወደ ኩሽና ሄደች። አፀደ ግራ ገባት። ሠራተኛ እንዳለች በስልክ ተነግሯታል፤ ታዲያ የት ናት? ዞር ዞር ስትል ኮሪደሩ ጫፍ አንድ የተዘጋ በር አየች። ከበሩ ሥር፣ መሬቱና ሳንቃው መሐል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ተወትፏል።

«ሠራተኛሽስ?» አለች ውሃው ሲመጣ።

«ደክሟታል፣ ተኝታለች» አለች ዙለይካ። «ለዚህ ነው ሌላ ልጅ የፈለግሁት።»

«ሰላም ልበላት?»

«ገና አሁን እንቅልፍ ወሰዳት። ባንቀሰቅሳት ይሻላል።»

አፀደ በዚህ ሁሉ ዘመኗ በጠራራ ፀሐይ የተኛች ሠራተኛ አይታ አታውቅም። ብርጭቆውን ሳትጨርስ ተነሳች።

ሚኒባሱ ውስጥ ሀዊ ስለ ልጆቹ እያወራች ነበር። አፀደ አቋረጠቻት።

«እዚያ ቤት አትገቢም።»

«ለምን? ምን አጠፉ?»

«ልቤ እሺ አላለም።»

«እኔ ግን ወደድኳቸው እትዬ። የእኔ ልብ እሺ ብሏል እኮ።»

«የአንቺ ልብ ገና ልጅ ነው» አለቻት አፀደ።

ሀዊ ይህን ስትነግረኝ ልብስ እያጣጠፈችልኝ ነበር። አልሳቀችም። አፀደ ለዙለይካ ደውላ «ልጅቷ ሌላ ቤት አገኘች» አለቻት፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሌላ ቤት ግን የለም። ሙቀቱ ሲበረታ የቻለ ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ከከተማው ይወጣል፤ ፈረንጁ ወደ አገሩ፣ ያገሬው ወደ ደጋ። የአፀደ ስልክ ዝም አለ። ሀዊ ግቢውን ትጠርጋለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ቁልፍ ትተክልልኛለች፤ ማዕድ ሲቀርብ ግን «ጠግቤያለሁ» ማለት አመጣች። ያቺ ሳቂታ ልጅ ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ ማዕከላዊ ገበያ ከሌሎች ልጆች ጋር ተዋወቀች። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ወደ ኦቦክ የሚሄዱ ነበሩ፤ ኦቦክ ደግሞ የመን መሻገር የሚፈልግ ሁሉ ጀልባ የሚጠብቅባት ናት።

አንድ ቀን ከገበያ አልተመለሰችም። በማግስቱ ለአፀደ የድምፅ መልእክት ላከች። ነፋስ ይሰማል። «እትዬ አትቀየሚኝ። መቀመጥ ሰለቸኝ። ስሻገር እደውላለሁ።» አልደወለችም። በዚያ ሰሞን ጀልባ ተገለበጠ የሚል ወሬ ነበር፤ ያ ወሬ የሌለበት ሰሞን ግን የለም። ማን ነበረበት፣ ማን አልነበረበትም፣ የሚነግረን አላገኘንም።

አፀደ አለቀሰች፤ ግን ተቆጥታ ነው ያለቀሰችው። «ትንሽ ብትታገሰኝ ምን ነበረበት? ከክፉ ቤት አድኛት ባሕር ውስጥ ትግባ!» ትል ነበር። እኔም አዎ፣ አዎ አልኳት።

ብርዱ፣ እሱንም ብርድ ካልነው፣ ሲመጣ የምግብ ዝግጅት ሥልጠና የጨረሱ የአገራችን ልጆች ይመረቁ ነበርና አፀደን ጋበዟት። ሠርታ ያለፈላት ሴት ምክር ትስጥ ተባለ። አረንጓዴ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ አምሮባት ነበር። መድረኩ ላይ ወጥታ «ልባችሁን ስሙ» አለች። «እኔን እዚህ ያደረሰኝ ትምህርት አይደለም፣ ዘመድ አይደለም። ሰው ሁሉ ግቢ ሲለኝ ልቤ ተመለሺ ካለኝ እመለሳለሁ። የሰው ልብ አትዋሱ፤ የራሳችሁን ስሙ።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ።

ስንወጣ ከተመራቂዎቹ አንዷ እየሮጠች መጣች። ፊቷ ሙሉ፣ ወዟ የሚያበራ ልጅ ናት። የአፀደን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል አፀደ ያዘቻት።

«እትዬ፣ የምስራች እባላለሁ። አታውቂኝም። እኔ ግን ስትናገሪ ድምፅሽን አወቅሁት። አንድ ቀን እኛ ቤት መጥተሽ ውሃ ስትጠይቂ በእንቅልፍ ልቤ ሰምቼሽ ነበር። አምቡሊ፣ ማዳም ዙለይካ ቤት።»

አፀደ የልጅቷን እጅ ለቀቀች።

«ወባ ጥሎኝ ነበር። ማዳም የልጆቿን ክፍል ለቃልኝ እዚያ ነው የተኛሁት፤ ክሊም፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ያለው እዚያ ብቻ ስለነበር። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ በሩን ዘግታ ጨርቅ ወትፋልኝ ነበር። እኔን ለማሳረፍ ብላ እኮ ነው ሌላ ልጅ የፈለገችው። ስድን ለዚህ ትምህርት ያስመዘገበችኝም እሷ ናት።» ከዚያ ዞር ዞር ብላ አየች። «ያቺ ስትስቅ የሰማኋት ልጅስ? ልጆቹ ሲጠይቁኝ ነው የከረሙት። ያገኘችው ቤት ተስማማት?»

ከእኔ አፍ ምን እንደወጣ አላስታውስም። «ደህና ናት» ሳልል አልቀርም። የአፀደን ክንድ ይዤ ወደ ሚኒባሱ ጎተትኳት።

ግቢ ደረስን። አረንጓዴ ቀሚሷን እንደለበሰች በሯ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«የመጀመሪያ ማዳሜ» አለች «ስትወጣ ከውጭ ትቆልፍብኝ ነበር። ሳለቅስ ጎረቤት እንዳይሰማ ከበሩ ሥር ጨርቅ ትወትፍ ነበር። ሙቀቱ ይገድለኛል ብዬ መሬት ላይ ተኝቼ በዚያች ቀዳዳ አየር ስፈልግ አፌ ጨርቁን ይነካዋል።»

ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ግቢ ስንኖር ነግራኝ አታውቅም። ስለ በሩ የጮህኩባት ሁሉ ትዝ አለኝ።

«አምቡሊ ያንን ጨርቅ ሳይ ሌላ ነገር አላየሁም። ሴትየዋ በእጇ ውሃ ስታመጣልኝ አላየሁም። ልጆቹ ሀዊ ላይ ሲንጠለጠሉ አላየሁም። ልቤ ነገረኝ እላለሁ እንጂ ልቤ አይደለም የነገረኝ። ያ ክፍል ነው።»

«እንዴት ታውቂያለሽ ታዲያ?» አልኳት። «ማንም ቢሆን...»

«ተይኝ! እዚህ አገር ክሊም ሲበራ በር እንደሚዘጋ ሕፃን ልጅ ያውቃል።»

ላጽናናት ፈልጌ ነበር፤ ውስጤ ግን ተናዷል። «የአንቺ ልብ ገና ልጅ ነው» ያለቻት በጆሮዬ ያቃጭል ነበር። ልጅቷ ልቧን ሰምታ ነበር። አፀደ መድረክ ላይ ያለችውን ሁሉ ሀዊ ሚኒባስ ውስጥ ቀድማ አድርጋዋለች።

ከዚያ በኋላ አፀደ ሥራ አቆመች። ማዳሞቹ ይደውላሉ፤ አታነሳም። ስልኩ ሲጮህ ታየዋለች እንጂ እጇን አትዘረጋም። የምታነሳው ከኢትዮጵያ ሲሆን ብቻ ነው፤ ምናልባት የሀዊ ወሬ ቢገኝ ብላ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከተማው ለጫቱ በየቤቱ የሚሰበሰብበት ሰዓት። ከድሬዳዋ ተደወለ። የሀዊ እናት ቡርቱካን ናቸው። አፀደ ስልኩን የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው።

«አፀደ እህቴ» አሉ ቡርቱካን። ለቅሶ ያለቀበት ድምፅ ነው። «ሁሉንም ጠየቅሁ። ደላሎቹንም፣ ከሳዑዲ የተመለሱትንም። የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሀዊ እዚያ በነበረች ጊዜ ስትደውል ስለ አንቺ ነበር የምታወራኝ። 'እማ፣ ልቧ ተሳስቶ አያውቅም' ትለኝ ነበር። እስቲ ልብሽን ጠይቂልኝ። ልጄ አለች?»

አፀደ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ አለች በያቸው፣ አለች በያቸው። ምን ይጎዳል? አንድ ሌሊት እንኳ ይተኙበት።

አፀደ ራሷን ነቀነቀች።

«ልቤ አያውቅም፣ እት ቡርቱካን» አለች። «ያን ጊዜም አላወቀም። ሀዊ ጥሩ ቤት አግኝታ ነበር። ልቧ ወዶት ነበር። አትገቢም ያልኳት እኔ ነኝ።»

ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አልተዘጋም። ስድብ ጠበቅሁ። እርግማን ጠበቅሁ። አፀደም የጠበቀች ይመስለኛል፤ አንገቷን ሰብራ ነበር።

«ምን ዓይነት ቤት ነበር?» አሉ ቡርቱካን።

አፀደ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ሁለት ልጆች አሉ» አለች። «ትንንሾች ናቸው። ገና ከመቀመጧ ጭኗ ላይ ወጡ።»

«እሺ።»

«እናትየዋ አስተማሪ ናት። ሠራተኛ ሲያማት የልጆቿን ክፍል ትለቃለች። ትምህርት ቤት ታስገባለች።»

«እሺ» አሉ ቡርቱካን። «ንገሪኝ።»

«ውሃ ሲጠየቅ» አለች አፀደ «ራሷ ተነስታ ታመጣለች።»